የታንክ አየር ፍሰት እንዳይዋዥቅ

ከኮምፕሬሰር ታንክ የሚወጣውን አየር በቦል ቫልቭ ለመመጠን አትሞክሩ። ቦል ቫልቭ የተሠራው ለመክፈትና ለመዝጋት ነው፤ እጀታው ትንሽ ሲነካ ፍሰቱ በብዙ ይለወጣል፣ በከፊል ተከፍቶ ሲቆይ ደግሞ ማሸጊያው ቶሎ ይበላል።

አገጣጠሙ እንዲህ ይሁን፦ ታንክ፣ ቦል ቫልቭ፣ ውሃ የሚይዝ ማጣሪያ፣ ሬጉሌተር፣ በመጨረሻ ኒድል ቫልቭ። ሬጉሌተሩ ግፊቱን ያጸናል፣ ኒድል ቫልቩ መጠኑን ይወስናል። ብዙ ሰው ሬጉሌተሩን ትቶ ኒድል ቫልቭ ብቻ ይገጥምና ፍሰቱ ለምን እየደከመ እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። የታንኩ ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያው) ከ8 ባር ወደ 4 ባር ሲወርድ፣ ቫልቩን ማንም ሳይነካው፣ ወደ ውጭ የሚወጣው አየር ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ ሬጉሌተሩን ታንኩ ከሚወርድበት ዝቅተኛ ግፊት በታች አድርጉት፤ ኮምፕሬሰሩ 6 ባር ላይ የሚነሳ ከሆነ 3 ባር በቂ ልዩነት ይሰጣል።

ሬጉሌተሩን የምታስተካክሉት አየር እየፈሰሰ ሳለ ነው። ፍሰት ሳይኖር 3 ባር ያነበበ ጌጅ መስመሩ ሲከፈት ዝቅ ይላል። ከሚፈለገው ግፊት ካለፋችሁ መጀመሪያ ከእሱ በታች አውርዱና እንደገና ወደ ላይ አምጡት።

ኒድል ቫልቭን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ ሹል ጫፉ ይጎዳና በትክክል መመጠን ያቅተዋል። መዝጋት የቦል ቫልቩ ሥራ ነው። ኒድል ቫልቩ አካል ላይ ቀስት ካለ በቀስቱ አቅጣጫ ግጠሙት፦ አንዳንዶቹ ውስጣቸው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ስላለ ተገልብጠው ሲገጠሙ ምንም አይገድቡም።