ሳያለከልኩ ሶምሶማ፦ ለልብና ለአንጎል የሚበጀውን ፍጥነት እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ማለዳ መስቀል አደባባይ የሄደ ሰው ጀማሪውን ለመለየት አይቸገርም። እንደ ተተኮሰ ይነሳል፣ አንዱን መስመር ሳይጨርስ ወገቡን ይዞ ይቆማል፣ በሳምንቱ የለም። ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ፍጥነቱን ስቶ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ቆላ የማያደክም ሩጫ እዚህ ትንፋሽ ያሳጥራል።

1. ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

2. ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይበቃል። የልብ ምት የሚቆጥረው ሰዓት ቅንጦት ነው።

3. አምስት ደቂቃ ዝግ ብላችሁ በመራመድ ሰውነታችሁን አሟሙቁ።

4. አሁን ፍጥነቱ። አብሯችሁ ከሚሄድ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት እየቻላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ፣ ልኩ እሱ ነው። ቃል በቃል እየቆራረጣችሁ ከሆነ ቀንሱ፤ ወደ እርምጃ መመለስ አያሳፍርም። እንጦጦ ላይማ ዳገቱን በእግር መውጣት ብቻውን ለብዙ ሰው በቂ ነው።

በቁጥር ካልሆነ አላምንም የሚል ከ220 ላይ ዕድሜውን ይቀንስ። የ40 ዓመት ሰው 180 ያገኛል፤ የዚህ ከ50 እስከ 70 በመቶ፣ ማለትም ከ90 እስከ 126 ምት በደቂቃ፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፋችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። እንደ አቴኖሎል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ቁጥሩን ይተወው። መድኃኒቱ የልብ ምትን ስለሚይዘው፣ እያለከለከም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያሳየዋል። የወሬው መለኪያ ይሻለዋል።

5. ደቂቃውን በየሳምንቱ ጨምሩ። እዚህ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የተከተለውን መንገድ እመርጣለሁ። አረጋውያኑ በ10 ደቂቃ እርምጃ ጀምረው፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ በሰባተኛው ሳምንት 40 ደቂቃ ደረሱ። በሳምንት ሦስት ቀን ነበር የሚራመዱት። ከዓመት በኋላ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ 2 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ ሰውነት በማፍታታት ብቻ የቆዩት ደግሞ ቀነሰባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ስለሆነ፣ 40 ደቂቃ ላይ ስትደርሱ አራተኛ ቀን ጨምሩ።

6. ስትጨርሱ ድንገት አትቁሙ፤ ደሙ እግር ላይ ስለሚቀር ያዞራል። ትንሽ ተራመዱ። በመሀል ደረት ላይ የመጫን ስሜት ከመጣ፣ በተለይ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከተሰራጨ፣ «ያልፋል» ሳትሉ ሐኪም ቤት ሂዱ።

7. ለውጡን ሚዛን ላይ አትፈልጉት። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ፣ ቡናም ሳትቀምሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩና ጻፉት። ልብ ሲጠነክር በአንድ ምት የሚገፋው ደም ስለሚበዛ፣ በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል።