አሜሪካ ገብታችሁ መኪና ለገዛችሁ የባሕር ዳር ልጆች፦ ዘይት የት ይቀየር?

ከሲያትል፣ ከዴንቨር፣ ከቨርጂኒያ በቴሌግራም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዘይት በርካሽ የት ላስቀይር?» ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው፤ 30 ዶላር ተብሎ የተገባበት ቤት ደረሰኙ 120 ብሎ ይወጣል። እዚህ ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ማስረዳቱ ስላልተቻለ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት ኮሮላ፣ ካምሪ፣ ራቭ ፎር ወይም ፕሪየስ ስለሆነ ምሳሌዬም በእነሱ ነው።

ከዚህ ይዛችሁ ከሄዳችሁት ልማድ አንዱ እጅግ ጥሩ ነው። ባሕር ዳር ዘይት የሚያስቀይር ሰው ጋሎኑን ራሱ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገዛል፤ ክዳኑ አለመነካቱን ያያል፤ ፊልትሮውን በእጁ ይዞ ይሄዳል፤ ልጁ ታፖውን (የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን) ሲፈታም ሲያጠብቅም አጠገቡ ቆሞ ነው። አሜሪካ ስትገቡ «በኢንሹራንስ ምክንያት ደንበኛ አይገባም» ትባሉና ወንበርና ቴሌቪዥን ያለበት ክፍል ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ማየቱን ይተወዋል። «አሜሪካ ነው፣ በትክክል ይሠሩታል» ይላል። እዚያም መኪና ሥር የሚገባው ሥራ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ያልሞላው፣ በሰዓት የሚከፈለው፣ ከኋላው አምስት መኪና የተሰለፈበት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ርካሽ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት የምታዩበትን መንገድ ፈልጉ።

መተው ያለባችሁ ልማድ ደግሞ ወፍራም ዘይት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ውርጭ የማታውቅ ከተማ ናት፤ እዚህ ብዙ ኪሎ ሜትር የበላ የድሮ ሞተር 20ደብሊው-50 ተሞልቶለት ሲሠራ ይኖራል። የሚኒያፖሊስ ጥር ግን ሌላ ነው። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ቶሎ ላይ ይደርሳል። የአሁኖቹ ቶዮታዎች የቫልቭ አከፋፈታቸውን የሚያስተካክሉት በዘይት ግፊት፣ በጠባብ ቀዳዳዎች በኩል ነው፤ በወፍራም ዘይት ሥራቸው ይዘገያል። ኮፋኖውን ክፈቱና የዘይት መሙያውን ክዳን አንብቡ። 0ደብሊው-20 ካለ እሱን ሙሉ። «ለአፍሪካ ሰው ወፍራሙ ይሻላል» የሚላችሁን ዘመድ በአክብሮት እለፉት።

የጋሎኑ ስም አያስጨንቃችሁ። ከኋላ በክብ ምልክት ውስጥ «ኤፒአይ ኤስፒ» የሚል የጥራት ደረጃ ካለበት፣ ከፊት የኮከብ ቅርፅ ምልክት ካለበት፣ «ፉል ሲንቴቲክ» (በፋብሪካ የተቀነባበረ ዘይት) ካለና ቁጥሩ ከገጠመ የዋልማርቱ ሱፐርቴክም የኮስትኮው ከርክላንድም ለኮሮላ በቂ ነው። ኮስትኮ ዘይት ይሸጣል፣ ጎማ ይቀይራል፤ የሞተር ዘይት ግን አይቀይርላችሁም። በዓመት አንዴ ይህን ሳያውቅ ወረፋ ይዞ የሚጽፍልኝ አይጠፋም።

ስንት ጊዜ ይቀየር ለሚለው መስታወቱ ላይ የሚለጥፉላችሁን «3,000 ማይል» እርሱት፤ እሱ የድሮው ተራ ዘይት ሂሳብ ነው። ቶዮታ ለ0ደብሊው-20 ሲንቴቲክ የሚለው 10,000 ማይል ወይም 12 ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ነው። ነገር ግን ራሱ መመሪያው ታክሲና ዕቃ አድራሽ የሚሠራን፣ ሞተር አስነስቶ ለረጅም ጊዜ የሚቆምን፣ አቧራማ መንገድ የሚሄድን መኪና ለይቶ 5,000 ማይል ወይም 6 ወር ይለዋል። ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽ የምትሠሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናችሁ። 5,000 ማይል ማለት ከባሕር ዳር ጎንደር 22 ጊዜ ያህል ደርሶ መልስ ነው፤ ሙሉ ቀን የሚሠራ ሹፌር በአንድ ወር ተኩል ይጨርሰዋል። ለእናንተ የዘይት ዋጋ የዓመት ወጪ ሳይሆን የወር ወጪ ስለሆነ ቤቱን በጥንቃቄ ምረጡ።

አሁን ወደ ቤቶቹ። መኪናው አዲስ ከሆነ ከሁሉ በፊት ዲለሩን (የኩባንያውን ወኪል ሻጭ) ጠይቁ፤ ቶዮታ ለአዲስ መኪና ለ2 ዓመት ወይም ለ25,000 ማይል በመርሐ ግብሩ ያለውን አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። በነፃ የሚያገኙትን ውጭ ከፍለው የሚያስቀይሩ አሉ፤ የገዙበትን ወረቀት ስላላነበቡ ብቻ ነው። ነፃው ካለፈ በኋላም ዲለሮች ድረ ገጻቸው ላይ ኩፖን ያወጣሉ፤ በኩፖን ሲሆን ብዙ ጊዜ ከፈጣን ዘይት ቤቶቹ ይረክሳል፣ ፊልትሮውም ትክክለኛው ነው።

እንደ ጂፊ ሉብና ቫልቮሊን ያሉት ፈጣን ቤቶች ያለ ቀጠሮ ያስተናግዳሉ፤ ለሲንቴቲክ በብዙ ከተማ ከ80 እስከ 120 ዶላር ይደርሳል። በሩ ላይ የተለጠፈው ትንሽ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ለተራ ዘይት ነው። ላዩ ላይ የአሮጌው ዘይት ማስወገጃ ክፍያ፣ «የጋራዥ ዕቃ» የሚል ክፍያ፣ የልዩ ፊልትሮ ጭማሪ ይደረድሩበታል። መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ የሚሠሩላችሁ ቤቶች አንድ ጥቅም አላቸው፤ ጌጁን (የዘይት መለኪያውን ዘንግ) አውጥተው ያሳያሉ። ዋልማርት ይረክሳል፤ ሰዓት ይፈጃል፤ ጠዋት በራቸው ሲከፈት ካልደረሳችሁ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የአበሻ ጋራዥ በቋንቋችሁ ትነጋገራላችሁ፣ አንዳንዱም እጁ ወርቅ ነው፤ ግን ማይሉና የዘይቱ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ካልሰጣችሁ አትሂዱበት፤ ዝምድና የዋስትና ጥያቄ ሲመጣ ወረቀት አይሆንም። እኔ የምመርጠው ትንሽ፣ ቶዮታና ሆንዳ ብቻ የሚሠራ፣ ራሳችሁ የገዛችሁትን ዘይትና ፊልትሮ ተቀብሎ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚያስከፍል ጋራዥ ነው። ሁሉም አይቀበልም፤ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ።

የትም ብትገቡ ከመፈረማችሁ በፊት «ኦይል ኤንድ ፊልተር ኦንሊ» (ዘይትና ፊልትሮ ብቻ) በሉና ጠቅላላውን ዋጋ ከታክሱ ጋር አስጽፉ። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ይዞ ቢመጣባችሁ አመስግናችሁ መልሱት። ሱቅ ውስጥ 15 ወይም 20 ዶላር ገዝታችሁ ያለ ምንም መሣሪያ በአምስት ደቂቃ የምትቀይሩትን 60 እና 70 ያስከፍሏችኋል። ሞተር ማጠብ፣ ኢንጀክተር ማጽዳት፣ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት በማሽን ማጠብ ሲሏችሁ መልሱ አይሆንም ነው።

የሚቀጥለውን በእርጋታ አንብቡት። እኔም ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩት ስለሆነ አረዝመዋለሁ፦ ሳያዩ ከበር መውጣት።

ዘይት ሲቀየር የሚበላሸው ነገር ብዙ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግን ሞተር ይገድላል። አንደኛው ታፖው ነው። ልጁ ጥርሱን ሳያስገባ በማሽን ከገፋው የኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጥርስ ይላጫል፤ ካላጠበቀው ደግሞ አውራ ጎዳና ላይ ይወልቃል። ሁለተኛው የፊልትሮው ጎማ ነው። በጣሳ ቅርፅ ተሠርተው በሚጠመጠሙት ፊልትሮዎች ላይ የድሮው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ ግፊቱ ሲጨምር አንደኛው ይሾልክና ዘይቱ በሙሉ በደቂቃዎች መሬት ላይ ያልቃል። ሦስተኛው ያልተፈለገ ታፖ መፍታት ነው። በሱባሩና በሆንዳ ላይ የካምቢዮው ታፖ ከሞተሩ ታፖ ብዙ አይርቅም፤ የማያውቅ ልጅ የካምቢዮውን ዘይት ያፈስና በሞተሩ ላይ አዲስ ዘይት ይጨምራል። ካምቢዮው ባዶ፣ ሞተሩ እጥፍ ይሆናል። ያኔ መኪናው ማርሽ ሲገባ ያላዝናል፣ ይንሸራተታል፤ ከጭስ ማውጫው ነጣ ያለ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። አራተኛው ልኩ ነው። ካነሰ የታወቀ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም።

ስለዚህ ከግቢያቸው ሳትወጡ፣ ቁልፉን እንደተቀበላችሁ፣ ሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩ ጠፍቶ አምስት ደቂቃ ይቆይ። ጌጁን አውጡ፣ በሶፍት ጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ ክተቱ፣ እንደገና አውጡና በአግድም ይዛችሁ እዩ። አዲሱ ዘይት የማር ቀለም አለው፤ በሁለቱ ምልክቶች መሀል፣ ወደ ላይኛው ተጠግቶ መታየት አለበት። ጥቁር ከሆነ አልቀየሩትም ወይም ሌላ ነገር ነው ያፈሰሱት። ቀጥላችሁ አስነሱ፤ ቀዩ የዘይት መብራት በሁለት በሦስት ሰከንድ ውስጥ ይጥፋ። አንድ ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያ ወርዳችሁ በስልክ መብራት ከሥር እዩ። ጠብታ ካለ አትንቀሳቀሱ። «ሲቀየር የፈሰሰ ነው» ካሏችሁ እንዲጠርጉት አድርጉና እንደገና አስነሱ፤ ካልተመለሰ እውነታቸውን ነው። በማግስቱም የቆመበትን ቦታ እዩ፣ 50 ማይል ያህል ከሄደ በኋላም ጌጁን አንዴ ድገሙ።

መንገድ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ዳር ያዙና ወዲያው አጥፉ። «ጋራዡ ቅርብ ነው፣ ልድረስ» የሚለው ሐሳብ ነው ሞተር የሚያስገዛው። የሚጎትት መኪና ጥሩ፤ የመጎተቻው ዋጋ ከሞተር ጋር አይወዳደርም። ከዚያ ምንም ሳታስነኩ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ለቤቱ ኃላፊ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ስጡ፣ ሌላ መካኒክ ከመፍታቱ በፊት ያየውን በወረቀት እንዲያሰፍር አድርጉ። እምቢ ካሉ በግዛቱ የአቃቤ ሕግ ቢሮ ያለውን የሸማቾች ክፍል፣ ካልሆነም ጠበቃ የማያስፈልገውን የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት ያዙ። ቅጹ ያሰለቻል፣ ስልኩ ያስጠብቃል፤ ቢሆንም ሙሉት። በካሽ ሳይሆን በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው በባንኩም በኩል መከራከር ይችላል።

ደረሰኝ ስለማጠራቀም፦ በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ ዘይት ውጭ ስላስቀየራችሁ ብቻ ዋስትናችሁ እንዳይሰረዝ ይከለክላል። ዲለሩ «እኛ ጋ ካልሆነ ዋስትናው ይቀራል» ካላችሁ ትክክል አይደለም። ነገር ግን መቀየራችሁን ማሳየት የእናንተ ፋንታ ነው፤ ቀኑ፣ ማይሉ፣ የዘይቱ ቁጥር። ኡበር የምትሠሩ፣ ግብር ስትሞሉ በማይል ሂሳብ የምትቀንሱ ከሆነ የዘይቱ ወጪ እዚያው ውስጥ ስለተቆጠረ ለብቻው አትደምሩት።

በራሳችሁ መቀየር የምትፈልጉ፣ በእርግጥ ርካሹ እሱ ነው፤ መሣሪያው አንዴ ከተገዛ ዘይትና ፊልትሮው 30 ዶላር ገደማ ይሆናል። አፓርታማ የምትኖሩ ግን መጀመሪያ የኪራይ ውሉን እዩ፤ ብዙው በግቢው ውስጥ መኪና መሥራት ይከለክላል። እዚያ ዘይት የሚለካው በኳርት ነው፤ አንድ ኳርት ከአንድ ሊትር በጥቂት ያንሳል፣ 0.95 ሊትር ገደማ። የ2014 እስከ 2019 ኮሮላ ባለ 1.8 ሞተር ከፊልትሮው ጋር 4.4 ኳርት ይወስዳል፤ የ2012 እስከ 2017 ካምሪ ባለ 2.5 ሞተር 4.6። የ5 ኳርቱን ጋሎን አንድ ጊዜ አትገልብጡት፤ 4 ኳርት አድርጉ፣ ጌጁን እያያችሁ ጨምሩ። የኮሮላው ታፖ በ14 ቁልፍ ይፈታል፤ ቀለበቱን በየጊዜው በአዲስ ቀይሩ፤ ማጥበቂያው 37 ኒውተን ሜትር ነው፣ ከክንድ ሳይሆን ከእጅ አንጓ የሚወጣ ኃይል። የፊልትሮው ክዳን ላይ 25 ኒውተን ሜትር ተጽፎበታል። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ግን ፈጽሞ አትግቡ፤ መቆሚያ ወይም መወጣጫ ግዙ።

የተቃጠለውን ዘይት እዚህ ምስጥ እንዳይበላው አጥር ይቀቡበታል። እዚያ ቆሻሻ ውስጥ ወይም ጎርፍ መውረጃ ውስጥ መድፋት ያስቀጣል። በዚያው ጋሎን መልሳችሁ ወደ አውቶዞን ወይም ኦራይሊ ውሰዱት፤ በነፃ ይቀበላሉ። ከፍሬን ዘይት ወይም ከራዲያተር ውሃ ጋር የተደባለቀ ከሆነ ግን ይመልሱባችኋል።

ከእንግዲህ ስትጽፉልኝ የደረሰኙን ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ የመሙያውን ክዳን፣ የጌጁን ጫፍና ማይሉ የሚታይበትን ክሩስኮት አብራችሁ ላኩ።