የገጽ ቁጥር እምቢ ሲል፦ በማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ሽፋኑ ላይ ቁጥር እንዳይኖር፣ መግቢያው በሮማን ቁጥር (i፣ ii፣ iii) ይሁን፣ ምዕራፍ አንድ ደግሞ ከ1 ይጀምር።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ሳስተካክል ዓመታት አልፈዋል። ፋይሉን ሳልከፍተው ውስጡ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

አንዱ የሽፋኑን ቁጥር ለመደበቅ ነጭ ሳጥን ይለጥፍበታል። ተደበቀ፤ እሺ። ግን ሽፋኑ 1 ተብሎ ተቆጥሯል፤ ቀጣዩ ገጽ 2 ብሎ ይነሳል። ፉተሩን (ቁጥሩ ያለበትን የገጹን ግርጌ) ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉ ከላይ «ዲፈረንት ፈርስት ፔጅ» የሚል ምርጫ ይመጣል፤ እሱን ምልክት አድርጉበት። ቀጣዩ ገጽ 1 እንዲባል ከፈለጋችሁ ፎርማት ፔጅ ነምበርስ ውስጥ «ስታርት አት» ላይ 0 ጻፉ። አዎ፣ ዜሮ ይቀበላል።

ሌላው ፉተር ላይ በእጁ «5» ብሎ ይጽፍና ገጹ ሁሉ 5 ሲሆንበት ይደነግጣል። ኢንሰርት ውስጥ ፔጅ ነምበር አለላችሁ፤ ሌላ አልጨምርም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ግን እዚህ ጋ ነው፦ ወርድ የቁጥሩን ዓይነትና መነሻ የሚይዘው በገጽ አይደለም፤ በሴክሽን፣ ማለትም የራሱ የገጽ አቀማመጥ ባለው የፋይሉ ክፍል ነው። ኮንትሮልና ኢንተር ተጭናችሁ አዲስ ገጽ ብትጀምሩ ጽሑፉ ይወርዳል እንጂ ሴክሽኑ ያው ነው። (ኢንተር ሃያ ጊዜ እየተጫኑ ገጽ የሚቀይሩትንማ ተዋቸው።) ሮማኑ አልቆ 1፣ 2፣ 3 በሚጀምርበት ድንበር ላይ ሴክሽን ብሬክ ያስፈልጋል። ሌይአውት፣ ከዚያ ብሬክስ፣ ከዚያ ኔክስት ፔጅ። ዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን «ፔጅ» እንዳትነኩ፤ እሱ ተራ የገጽ መቁረጫ ነው።

አሁን የሚያናድደኝ ጋ ደረስኩ፦ «ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ»። ሴክሽን ብሬኩን በትክክል ያስገባሉ። ከዚያ ከፊት ያሉት ገጾች ላይ ሄደው ቁጥሩን ያጠፋሉ። የምዕራፍ አንድም አብሮ ይጠፋል። ደንግጠው ምዕራፍ አንድ ላይ ይመልሱታል፤ ከፊትም ተመልሶ ቁጭ ይላል። ያጠፋሉ፣ ይመልሳሉ፣ ሌሊቱ ይነጋል። ጠዋት «ወርዱ ተበላሽቷል» ተብሎ ይደወልልኛል። ምንም አልተበላሸም! አዲስ ሴክሽን ሲፈጠር ፉተሩ ከፊተኛው ጋር ታስሮ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ «ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ» የሚለውን ተጭናችሁ ፍቱት፣ ከዚያ ቁጥሩን አጥፉ። ቅደም ተከተሉ ይሄው ነው። የሚፈታው ደግሞ ከኋለኛው ሴክሽን ላይ ነው። የመጀመሪያው ሴክሽን ላይ ሆናችሁ ብትሞክሩ ምርጫው ደብዝዞ ታገኙታላችሁ፤ ከፊቱ ማን አለና ይታሰራል? ሄደር (የገጹ ራስጌ) እና ፉተርም ለየብቻ ይፈታሉ። አንዱን ፈትተው ሌላውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። የሚገርመው፣ ከሮማን ወደ 1፣ 2፣ 3 ለመቀየር ብቻ ከሆነ መፍታቱም አያስፈልግም። የቁጥሩ ዓይነት ታስሮም ቢሆን በየሴክሽኑ ለብቻው ይቀየራል። ከርሰሩ የቱ ሴክሽን ውስጥ እንዳለ ብቻ እዩ።

ሰፊ ሠንጠረዥ ለማስገባት መሐል ላይ አንድ ገጽ በአግድም ታዞራላችሁ። ከዚያ 41፣ 42፣ 1! አዲሱ ሴክሽን ከቀድሞው «ከ1 ጀምር» የሚለውን ወርሷል። ፎርማት ፔጅ ነምበርስ ውስጥ «ኮንቲኒው ፍሮም ፕሪቪየስ ሴክሽን» የሚለውን ምረጡ። ከሠንጠረዡ በኋላ ያለውንም ሴክሽን አትርሱ።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ሥራው ለፕሪንት ሊሄድ ሲል ትርፍ የመሰለኝን ሴክሽን ብሬክ ዲሊት አደረግኩ። ሙሉ ምዕራፍ በአግድም ተጋደመ። ብሬክ ሲጠፋ ከፊቱ ያለው ጽሑፍ የኋለኛውን መልክ ነው የሚወስደው። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ይመስለኝ ነበር። ኮንትሮል ዜድ አወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ሆም ላይ ያለችውን የተገለበጠ ፒ የምትመስል ምልክት ሳልጫን ምንም አልሰርዝም፤ እሷ ብሬኮቹን ሁሉ ታሳያለች። ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን አሞሌ በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ «ሴክሽን» የሚለውን ብትመርጡ ደግሞ የት እንዳላችሁ ሁልጊዜ ይነግራችኋል።

ማውጫው በራሱ አይታደስም፤ እሱ ላይ ክሊክ አድርጋችሁ ኤፍ9 ተጫኑ። ርዕስ ከጨመራችሁ ወይም ከቀየራችሁ ሙሉውን አድሱ እንጂ ቁጥሩን ብቻ አታድሱ።

ፕሪንት ላይ ደግሞ አንድ ገጽ ብቻ ስታወጡ ተጠንቀቁ። ቁጥሩ መሐል ላይ እንደገና ከ1 የሚጀምር ፋይል ውስጥ ሦስተኛ ገጽ የሚባለው ሁለት ነው፦ አንዱ በሮማን፣ አንዱ በምዕራፍ አንድ። «3» ብቻ ከጻፋችሁ የተሳሳተው ሊወጣ ይችላል። የሁለተኛው ሴክሽን ገጽ 3 ከሆነ የምትፈልጉት ፒ3ኤስ2 ብላችሁ ጻፉ፤ ፒና ኤስን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት።