የለመድነውን የስፖርት መክፈቻ ሙዚቃ ስትቀይሩ

ለዓመታት የቆየ የስፖርት ፕሮግራም ሙዚቃውን ሊቀይር ደሴ ወዳለው ስቱዲዮዬ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ማንን ነው የሰለቸው?" ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ የሰለቸው አዘጋጁን ነው። እሱ ሲያቀናብር በቀን አስር ጊዜ ይሰማዋል። ተመልካቹ የሚሰማው ግን በሳምንት አንዴ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት የነበረውን ጠቅላላ መጣል ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። የድሮውን ዜማ ትቼ በአምባሰል ቅኝት፣ በማሲንቆ አዲስ ሠራሁ። ዜማው እስካሁን ደስ ይለኛል። የተላለፈ ቀን ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። ሙዚቃው ተጀምሮ አለቀ፤ ማንም ቀና አላለም። አጠገቤ የነበሩ አባት "ልጄ፣ ዛሬ ስፖርት የለም እንዴ?" አሉኝ። ተጀምሮ ነበር።

ሰው መክፈቻውን ዓይኑን ተክሎ አይሰማም። ቡና እየተቀዳለት ነው፣ እያወራ ነው፣ ደጅ ቆሟል። የሚጠራው የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ኖታዎች ናቸው። እነሱን አትንኩ! ምቱን ቀይሩ። በትራምፔት የነበረውን በዋሽንት አስነፉት። ቅኝቱን ግን ተዉት፤ ባቲ የነበረውን ወደ ትዝታ ካዞራችሁት ያው ዜማ መሆኑን የሚያውቅላችሁ የለም።

ሌላው ውል ነው። የካናዳው ሲቢሲ የሆኪ ስርጭቱን እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚከፍተው በዶሎረስ ክላማን ዜማ ነበር። በ2008 በመብቱ ላይ ስምምነት ጠፋ። ተፎካካሪው ሲቲቪ ገዛው። የአርባ ዓመት ዜማ ጣቢያ ቀየረ፤ ሲቢሲ በውድድር ሌላ መረጠ። እኛ ጋ ደግሞ "በቃል ተስማምተናል" ይሉኛል። እባካችሁ ጻፉት። ዜማው የማን ነው? ለስንት ዓመት? ዩቲዩብ ላይ ሲጫንስ?

በውድድር ዘመኑ መሀል አትቀይሩ።

ረጅሙን ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። የአምስት ሰከንዱንም፣ ጋዜጠኛው ሲናገር ከሥር የሚገባውን ዜማ አልባውንም አብራችሁ አሠሩ።

በስቱዲዮ ስፒከር ብቻ ሰምታችሁም አትወስኑ። ቤዙ ላይ የቆመ ዜማ በቴሌቪዥን ትንሽ ስፒከር ይጠፋል። እኔ አሁን የጨረስኩትን በፍላሽ ይዤ እዚያው ቡና ቤት እሄዳለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ አስከፍቼ ደጅ ወጥቼ እቆማለሁ። ከዚያ ማን ቀና እንደሚል አያለሁ።