ለጉባኤ ወደ ስድስት ኪሎ ሲመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄድ ጉባኤ ላይ ጥናት ሊያቀርብ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ጽሑፉ ነው። ስላይዱን ሦስት ጊዜ ይከልሳል፣ የተፈቀዱለትን ሃያ ደቂቃዎች በሰዓት እየለካ ይለማመዳል፤ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ ስድስት ኪሎ ያለችውን ወደ 10 ኪሎ ሜትር የምትጠጋ መንገድ ግን “ስደርስ አየዋለሁ” ብሎ ይተዋታል። እንግዳ በመቀበል ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳስተዋልኩት ከከተማዋ ግርግር የሚመጣው ችግር ጥቂት ነው። የሚበዛው ወረቀት ላይ ከሰፈረ አንድ ቁጥር ወይም ከአንድ የቦታ ስም የሚነሳ ነው። ይህ ደግሞ አማርኛ የማያውቀውን እንግዳ ብቻ ሳይሆን ከሃያ ዓመት በኋላ ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም የሚመለሰውን የአገር ልጅም ያሳስታል።

“በማን አቆጣጠር?” ብሎ አለመጠየቅ

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጋር አብሮ ስለሚጀምር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 9፡00 የሚባለው በእኛ 3፡00 ነው፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ይህን ሁሉም እንግዳ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አንብቦ ይመጣል። አደጋው ያለው ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ወረቀት ላይ ሲቀላቀሉ ነው፤ መርሐ ግብሩ በእንግሊዝኛ ሲታተም በፈረንጅ፣ በር ላይ በአማርኛ ሲለጠፍ በሀበሻ፣ አስተባባሪው በስልክ ሲናገር ደግሞ አፉ እንዳመጣለት ይሆናል። አንድ ጊዜ ከአውሮፓ የመጡ ፕሮፌሰር አማርኛ ተናጋሪ ወዳጃቸው “ነገ 3፡00 ላይ ነው” ብሎ የጻፈላቸውን መልእክት ይዘው ከቀትር በኋላ ከተፍ አሉ። የግማሽ ቀን ስብሰባ ስለነበር አዳራሹ ውስጥ ያገኟቸው ወንበር የሚደራርቡ ሁለት ሠራተኞችንና በትሪ የተሰበሰበ የቡና ሲኒን ብቻ ነው። የእሳቸው ተራ ረፋዱ ላይ አልፎ ነበር።

ተቃራኒውም ይደርሳል። እንግዳው በረራው ምሽት 10፡00 እንደሚገባ በፈረንጅ አስቦ ለሾፌሩ “በ10 ሰዓት እደርሳለሁ” ብሎ ይጽፋል። ሾፌሩም በታማኝነት ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጅ 4፡00 ላይ፣ ቦሌ ይቆማል፤ አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቆም ይሄዳል። እንግዳው ማታ ሲወጣ የሚቀበለው ሰው የለም።

በጣም ረቂቁ ስህተት ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚገባው በረራ ነው። ትኬቱ ላይ “ረቡዕ 1፡00” የሚለው ሰዓት ለእኛ ገና የማክሰኞ ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። ስለዚህ “ረቡዕ ሌሊት 7 ሰዓት” ብለው ለሾፌሩ ቢነግሩት ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ መፍትሔ አለው፦ “ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 7 ሰዓት” ይበሉ። ይህን የሰማ ሾፌር አይሳሳትም። የበረራ ቁጥሩን አብረው ቢልኩለት ደግሞ መዘግየት ቢኖርም ራሱ ይከታተላል።

ቀኑን በቁጥር ብቻ መጻፍ

የግብዣ ደብዳቤ ላይ “5/11/2017” የሚል ቀን ቢያዩ ምን ያነባሉ? አሜሪካ የኖረ ሰው ሜይ 11፣ እንግሊዝ የኖረ ሰው ኖቬምበር 5 ይለዋል፤ ሁለቱም ዓመቱን ሲያዩ ደብዳቤው ያረጀ ይመስላቸዋል። በእኛ አቆጣጠር ግን ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ጁላይ 12፣ 2025 ማለት ነው። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ደግሞ ስምንት ስለሚሆን በጭንቅላት ማስላት ያሳስታል። ደብዳቤው ለኤምባሲ ወይም ለአሠሪዎ የሚቀርብ ከሆነ አዘጋጁ ወሩን በስም እንዲጽፍና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥ ከመነሻው ይጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ከትኬትዎ ጋር ካልተገናኘ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

“ዩኒቨርሲቲ” ብሎ ታክሲ መሳፈር

በአዲስ አበባ “ዩኒቨርሲቲ ውሰደኝ” ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በከተማዋ የተበታተነ ነው፤ ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ አራት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አምስት ኪሎ፣ የሕንጻና የከተማ ልማት ትምህርቱ ልደታ፣ የጤናው ጥቁር አንበሳ፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ኮሜርስ ይባላል። የእንስሳት ሕክምናው ጨርሶ ከከተማው ወጥቶ ቢሾፍቱ ነው። ይህ ሁሉ ቢታወቅም እንኳ የሚጠብቅ ወጥመድ አለ፦ “አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ” የሚባለው ራሱን የቻለ ሌላ ተቋም ሲሆን የሚገኘው በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቂሊንጦ አካባቢ ነው። “ቴክኖሎጂ” የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ አምስት ኪሎ መድረስ ሲገባው ቂሊንጦ የደረሰ እንግዳ የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ በሙሉ መንገድ ላይ ያሳልፋል።

እዚህ አገር ሾፌር የሚነዳው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። ስለዚህ “ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሐውልት ጋ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋና በር” ይበሉ። ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን የተጨፈጨፉት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መታሰቢያ ሲሆን አደባባዩ መሐል ቆሞ ከሩቅ ይታያል። በሩን ካለፉ በኋላ ደግሞ የአዳራሹን ስም ይያዙ፤ ግቢው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደመሆኑ ሰፊ ነው፤ ራስ መኮንን አዳራሽና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በስማቸው ከጠየቁ ማንኛውም ተማሪ ያሳይዎታል።

ለአገሩ ልጅ አንድ ቃል ልጨምር። ፒያሳን በድሮ ትዝታ ይዘው አቅጣጫ አይስጡ። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ “እዚያ ኬክ ቤት ጋ ታጠፍ” የሚሉት ቤት ላይኖር ይችላል።

ቪዛን የመጨረሻ ሳምንት ላይ ማሰብ

የኤሌክትሮኒክ ቪዛ የሚሰጠው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በኩል ነው። ስሙን አስመስለው፣ ተጨማሪ ክፍያ ጭነው የሚያስተናግዱ ድረ ገጾች በፍለጋ ላይ ቀድመው ስለሚመጡ፣ አድራሻው በኢትዮጵያ መንግሥት ድረ ገጾች መለያ የሚያልቅ መሆኑን ሳያረጋግጡ የካርድ ቁጥርዎን አያስገቡ። የትኛውን የቪዛ ዓይነት መጠየቅ እንዳለብዎት ከማመልከትዎ በፊት የጉባኤውን አዘጋጅ ይጠይቁ፤ “ለጉብኝት ነው” ብሎ ገብቶ ከረጢቱ ውስጥ የጉባኤ ደብዳቤ መያዝ አላስፈላጊ ጥያቄ ያመጣል። ፓስፖርትዎም ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ይኑረው። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ትቶ የሚመጣ፣ ጊዜው ማለፉንም ቆጣሪው ፊት ቆሞ የሚያየው ጥቂት አይደለም። ቢጫ ወባ ከሚገኝባቸው አገሮች የሚነሳ ሰው የክትባት ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ።

ለመስክ ሥራ ዕቃ የሚያመጡም ጠንቀቅ ይበሉ። ድሮንና የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ጉምሩክ ላይ ዕቃውን አስረክቦ መውጣት ማለት ነው።

ከተርሚናሉ እንደወጡ እጅ ላወጣ ሁሉ መከተል

ተቀባይ ሰው እንደ ሌሎች አገሮች ከሻንጣ መረከቢያው ፊት ለፊት ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይቆማል ብለው አይጠብቁ፤ ተቀባዮች የሚጠብቁት ውጭ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። ባልመጣ ሰው ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ወደዚያ ይውረዱ። ከመውጣትዎ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፦ ሲም ካርድ መግዛት። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ሳፋሪኮም የሚመዘግቡት በፓስፖርት ስለሆነ ፓስፖርትዎን ሻንጣ ውስጥ አይቅበሩት። የአገር ውስጥ ቁጥር ከሌለዎት መኪና መጥራት ይቸግራል። ቁጥር ካለዎት ግን መተግበሪያ ባይኖርዎትም እንኳ በ8294 ወደ ራይድ ደውለው መኪና ማዘዝ ይችላሉ። ዋጋውም በሜትር ስለሚቆጠር በሩ ላይ ከሚደረግ ክርክር ይገላግላል።

ሻንጣዎን ሊሸከምልዎት የሚጠይቅ ካለ ከመስጠትዎ በፊት ዋጋ ይነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ የሁለት ደቂቃ ቢሆንም ስሜቱ የሁለት ቀን ነው።

ገንዘብ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ የዋጋ መረጃ ሁሉ ዋጋ የለውም። ተመኑ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ ከአንድ በላይ ይጠይቁ፤ መንገድ ላይ መመንዘር ግን ሕገወጥ ነው። የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም በጣም ያረጀ ዶላር ባንኮች ላይቀበሉ ይችላሉ። ሆቴል ሲይዙ የተነገረዎት ዋጋ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን ያካተተ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ደረሰኝ የሚጠይቅ ተቋም የላከዎት ከሆነ ለታክሲም ቢሆን ዕለቱን ይጠይቁ፤ ኋላ ማስመለሱ ከባድ ነው።

ሆቴልን ከአየር ማረፊያው ርቀት አንጻር ብቻ መምረጥ

ቦሌ አካባቢ ማረፍ የሚመቸው ለመድረሻውና ለመመለሻው ሌሊት ነው። በመካከል ላሉት ቀናት ግን በየጠዋቱ በሥራ መግቢያ ሰዓት ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር መሻገር ይሆንብዎታል። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ ወይም ስድስት ኪሎ አካባቢ ቢያርፉ ይሻላል። ቀላል ባቡሩ ወደ ስድስት ኪሎም ሆነ ወደ አየር ማረፊያው ስለማይደርስ ስሌትዎ ውስጥ አያስገቡት።

የጉባኤው ቀን ከምን ጋር እንደገጠመም ይመልከቱ። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ሲካሄድ ሆቴሎች ይሞላሉ፤ እንግዶች በሚያልፉበት ሰዓትም መንገዶች ይዘጋሉ። ለስድስት ኪሎ ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለ፦ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ጃን ሜዳ አፍንጫው ሥር ነው። ጥር 10 ከቀትር በኋላ ታቦታት ሲወርዱ፣ ጥር 11 እና 12 ደግሞ ሲመለሱ አካባቢው በሕዝብ ይሞላል፤ መኪና አይታሰብም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ይናደዳል፤ የሚያውቀው ግን ቀደም ብሎ በእግሩ ይወጣና ሊያየው የሚገባውን ነገር ያያል።

በር ላይ ያለውን ፍተሻ እንደ ተራ ነገር ማየት

የግቢው በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቦርሳም ይፈተሻል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የጉባኤው ባጅ ገና ስላልተሰጠዎት ፓስፖርትዎንና የግብዣ ደብዳቤውን አትመው ይያዙ፤ ስልክ ላይ ያለ ፒዲኤፍ ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። በብዙ ተቋማት በር ላይ ደግሞ ላፕቶፕ ሲገባ መለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። በአንድ ግቢ በር ይህን ቸል ብዬ ገብቼ ምሽት ላይ ስወጣ፣ ጥበቃው ላፕቶፑን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ቁጥር በእጅ ባትሪ እያበራ፣ በጠዋቱ መዝገብ ላይ በጣቱ መስመር በመስመር ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ። ሰውየው ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲገቡ “ላፕቶፕ አለኝ፣ ይመዝገብልኝ” ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለሙቀት ለብሶ መምጣት

አፍሪካ ስለሆነ ይሞቃል ብሎ በስስ ሸሚዝ ሐምሌ ላይ የሚመጣ እንግዳ አሁንም አልጠፋም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና አንዳንዴም በረዶ ስለሚጥል ሹራብና ጃንጥላ የግድ ነው። የሰፊ አዳራሽ ቅዝቃዜም ከውጭው ይብሳል። ከፍታው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እንቅልፍም ይነሳል፤ ስለዚህ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር ለመውጣት ቢፈልጉ በሦስተኛው ቀን ያድርጉት። ጽሑፍ የሚያቀርቡ ከሆነም ከአንድ ቀን በፊት ይግቡ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 220 ቮልት ሲሆን ሶኬቱ ባለ ሁለት ክብ ሹካ ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው መቀየሪያውን ከዚያው ይዞ ይምጣ።

የመመለሻውን ሌሊት ማሳነስ

ብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች የሚነሡት ሌሊት ስለሆነ የመዝጊያው ዕለት እራት ላይ ቆይቶ በቀጥታ ወደ ቦሌ መሄድ የተለመደ ነው። እዚያ ግን ፍተሻው የሚጀምረው ተርሚናሉ በር ላይ ነው፤ ሻንጣ ሁሉ በመሣሪያ ያልፋል፣ ከዚያ የመሳፈሪያ ሰልፍ፣ ከዚያ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ ሁለተኛ ፍተሻ። ሦስት ሰዓት አስቀድመው ይድረሱ። ወዳጅ ዘመድ የሰጠዎትን በርበሬና ሽሮ አጥብቀው አሽገው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት፤ የተረፈዎትንም ብር ከሰልፉ በፊት ይመንዝሩ ወይም ለሾፌሩ ጉርሻ ያድርጉት። ሾፌሩን ሲቀጥሩትም ያችኑ “አጥቢያ” የምትለዋን ቃል አይርሷት።