የጾም ሾርባ በፓስታ ለታመመ ሰው፣ ውሃ ውሃ ሳይል

እዚ ጅማ ክረምቱ ሲጠና አንድ ሰው ቤት ውስጥ ካሳለ በሳምንቱ ሁሉም ተኝቷል፣ ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ደሞ ገና ሳይቀመጥ «ዶሮ ወይ የበግ ቅልጥም ቀቅላችሁ መረቁን አጠጡት እንጂ» ይላል። እሺ ጥሩ፣ ግን ጾም ከሆነስ፣ ሥጋ የማይበላ ሰው ከሆነስ፣ ወይ የወር መጨረሻ ሆኖ ለቅልጥም የሚሆን ብር ከሌለስ? ከአትክልትም እኮ ጥሩ መረቅ ይወጣል። ብዙ ሰው ግን ካሮትና ድንች ከትፎ ውሃ ላይ ይጥላል፣ ፓስታ ሰባብሮ ይጨምርበታል፣ ከዛ «የጾም ሾርባ አይጣፍጥም» ብሎ ይደመድማል። የማይጣፍጠው ስላልተቁላላ ነው በቃ።

ለሁለት ሰው የሚሆነውን ልንገራችሁ። 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ወይ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል፣ 1 ካሮት፣ 1 መካከለኛ ድንች፣ አንድ ጭብጥ ምስር ክክ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ከተገኘ ደሞ 1 ባሮ ሽንኩርትና ሁለት ዘንግ የሾርባ ቅጠል። ዘይት፣ ጨው፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሎሚ መቼም ከቤት አይጠፋም። ባሮና የሾርባ ቅጠል ሰፈር ያለ ጉልት ላይ ሁሌ ስለማይገኝ ሐሙስ ሄርማታ ገበያ የሚወጣ ሰው ካለ አስመጡ፣ ካልተገኘም ሾርባው አይቆምም። ፓስታው ፓስቲኒ ቢሆን ምርጥ ነው ምክንያቱም በሽተኛ ረጅም ፓስታ እየጎተተ የሚታገልበት አቅም የለውም፣ ከሌለ ቀጭኑን ፓስታ በንጹህ ፎጣ ጠቅልላችሁ ሰባብሩት፣ ያለ ፎጣ ከሰበራችሁት ወለሉን ስትጠርጉ ትውላላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጋችሁ መካከለኛ እሳት ላይ ወርቃማ እስኪሆን ማቁላላት፣ 10 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል፣ አትቸኩሉ ግን እንዳይጠቁርም ከአጠገቡ አትጥፉ። ከዛ ድልሁን ጨምሩና አማስሉ። ድልሁ መጀመሪያ ሲገባ ደማቅ ቀይ ነው፣ ሽታውም ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስታማስሉት ቀለሙ ወደ ሸክላ ይጠጋል፣ ዘይቱ በዳርዳሩ ብርቱካናማ ሆኖ ይለያል፣ ከድስቱ ቂጥ ላይም ትንሽ ያዝ ማድረግ ይጀምራል። እዛ ላይ ስትደርሱ ግማሽ ሲኒ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ የያዘውን በማንኪያ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ሥጋ ሳይገባበት ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም የምታገኙት ከዛች ፍቅፋቂ ነው፣ ይህችን ካለፋችሁ የቀረው ሁሉ ልፋት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የነጭ ሽንኩርቱንና የዝንጅብሉን ግማሹን ብቻ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ የታጠበውን ምስር፣ በትንንሹ የተከተፈውን ካሮት፣ ድንች፣ ባሮና የሾርባ ቅጠል ጨምሩ። አንድ ሁለት ዙር አማስላችሁ 1 ሊትር ተኩል የፈላ ውሃ ድፉበትና ክደኑት። ምስሩ እዚህ ጋር ምን ይሠራል ላላችሁ፣ ሟሙቶ ሾርባውን ወፈር ያደርገዋል፣ ምንም ላልበላ ሰው ደሞ ፕሮቲን ነው። 30 ደቂቃ ስጡት፣ አዲስ አበባ ወይ ሌላ አገር የተጻፈ ደቂቃ አትከተሉ፣ ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቆላ ካለው ሰው ትንሽ ይዘገይባችኋል፣ አዲስ አበባ ደሞ ከኛም ይብሳል። ምስሩ በማንኪያ ሲነኩት ከፈረሰ በቃ ደርሷል።

አሁንም ቀጠነብኝ የሚል ካለ ቡላ! አንድ የሻይ ማንኪያ ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩት፣ ዱቄቱን እንዳለ የፈላው ላይ ከበተናችሁት ይጓጉላል። እዚህ አካባቢ ለአራስም ለበሽተኛም ቡላ ማን ይሰጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ገንፎ ብቻ የሚሆን የሚመስላቸው ሰዎች ግን አሉ።

ፓስታውን ለብቻው ቀቅሉ። እዚህ ላይ አልደራደርም። ፓስታ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ውሃ መጠጣቱን አያቆምም፣ ስለዚ አብራችሁ ከቀቀላችሁት በሽተኛው ተኝቶ እስኪነሳ ሾርባው ገንፎ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለብቻው ቀቅላችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ትንሽ ዘይት ነካ አድርጋችሁ አስቀምጡና ሲቀርብ ብቻ ሳህኑ ላይ አድርጋችሁ መረቁን ከላይ ጨምሩበት። ኢንዶሚ ብቻ ነው ያለኝ የምትሉ፣ ግቢ ያላችሁ ተማሪዎች በተለይ፣ ይሆናል፣ 3 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ግን በዘይት የተጠበሰ ስለሆነ የቀቀላችሁበትን ውሃ ድፉት፣ ቅመሟን ደሞ ወይ ተዉት ወይ ሩቡን ብቻ፣ ጨው ናት በብዛት፣ የዶሮ ጣዕም ያለውም ስላለ የጾመ ሰው ጀርባውን ያንብብ።

መጨረሻ ላይ እሳቱን አጥፉና የቀረውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፍቃችሁ ወይ ወቅጣችሁ ጨምሩ። የመጀመሪያው ግማሽ ለመረቁ ጣዕም ነው፣ ይሄኛው ደሞ አፍንጫ እንዲከፍት ነው፣ ብዙ ከፈላ ያ የሚያቃጥለው ኃይሉ ይጠፋል። ኮረሪማ አንድ ፍሬ ብቻ፣ ቅርፊቱን ሰብራችሁ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ ፍሬዎች በሙቀጫ ደቆስ፣ ከዛ በላይ ከጨመራችሁ ቤቱ ቅቤ የሚነጠርበት ይመስላል። ሎሚውን ሳህኑ ላይ ጭመቁ እንጂ ድስቱ ውስጥ አታፍሉት፣ ይመራል። ጨውም አሁን ነው የሚስተካከለው።

እንደ በሽታው ቀያይሩት። ጉሮሮ ለቆሰለበት ሰው ቁንዶ በርበሬና ሎሚ ይቅር፣ ለብ ብሎ ይቅረብለት። አፍንጫው ለታፈነ ቁንዶ በርበሬው ይግባ፣ ቃሪያም ከቻለ፣ ከመጠጣቱ በፊት እንፋሎቱን ይሳበው። ሆዱን ላመመው ደሞ ነጭ ሽንኩርቱም ዘይቱም ይቀነስ፣ መጀመሪያ አጥልላችሁ መረቁን ብቻ በማንኪያ ስጡት፣ ሲረጋለት ፓስታው ይከተላል፣ ተቅማጥ ካለ ግን ሾርባ ኦአርኤስን (በውሃ በጥብጠው የሚጠጡትን የተቅማጥ ዱቄት) አይተካም። ጤና አዳም ጣል የሚያደርጉ አሉ፣ ለእርጉዝ ሴት ግን በፍጹም። ፍስክ ከሆነና እንቁላል የሚበላ ከሆነ አንድ እንቁላል መትታችሁ እየፈላ እያለ በቀጭኑ ማንጠባጠብ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን፣ ሾርባው የሚያደርገው ትኩሳትና ላብ የወሰደውን ውሃ መመለስና አክታ ማላላት ነው፣ ጉንፋኑን አይገድልም። በተለይ ጅማና አካባቢው ወባ ያለበት ስለሆነ ብርድ ብርድ እያለው የሚያተኩሰውን ሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ ሾርባ ብቻ እያጠጣችሁ አታቆዩት፣ ቶሎ የደም ምርመራ ያድርግ። መብራት ጠፍቶ በከሰል የምትሠሩም ምድጃውን በሽተኛው የተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ አታስገቡ፣ ይሞቀዋል ብላችሁ ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ይገድለዋል፣ ጭስ ባይታይም።

የተረፈውን መረቅ ፍሪጅ ካለ ሁለት ቀን ያቆያችኋል፣ ከሌለ ግን የዛኑ ቀን ይለቅ፣ ማታ ስታሞቁት በደንብ ፈልቶ ይንተክተክ። የተረፈ ፓስታ ካለ ለልጆቹ በድልህ ጥበሱላቸው፣ እነሱ እንደሆነ ሾርባ ሲባል አይወዱም።