ሜይንፍሬም ላይ የገባ ዝብርቅርቅ ኢሜይል እንዴት ወደ አማርኛ ይመለሳል?

ድሬ ላይ ሜይንፍሬም (ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩበት ግዙፍ ኮምፒውተር) የት አለ እንዳትለኝ። አይቢኤም «ዚ ኤክስፕሎር» የሚባል ነፃ መለማመጃ አለው። ኢንተርኔት ካለህ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ላፕቶፕህን ዘርግተህ እውነተኛ ሜይንፍሬም ላይ ትገባለህ። (ድሬ አንቱታ ብዙ ስለማይዘወተር «አንተ» እያልኩ ልቀጥል፤ አንቺም አለሽበት።)

እኔ ለልምምድ ብዬ ሐረር ያለችው የአክስቴ ልጅ የላከችልኝን ኢሜይል ጥሬውን አስገባሁ። የላኪው መስመር ይነበባል። ከሥር ያለው ግን ክፍት ቦታ የሌለው የላቲን ፊደልና የቁጥር ክምር ነው። አቦ፣ ሁለት ከሰዓት በልቶኛል!

መጀመሪያ ምን እንደያዝክ እወቅ። ከላይ ካሉት መስመሮች «ትራንስፈር ኢንኮዲንግ» የሚለውን ፈልግ። አጠገቡ ቤዝ64 ካለ ይህ ጽሑፍ ለአንተ ነው። ሚስጥር አይደለም፣ የይለፍ ቃልም የለውም። በ64 ምልክቶች ተለውጦ የተጻፈ ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ የኮምፒውተር ቁጥር) ነው፤ ሦስቱ ባይት አራት ምልክት ይሆናል። የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሆነ አንዱ ፊደል ልክ አራት ምልክት ይወጣዋል። ስለዚህ መልእክቱ በአማርኛ ከጀመረ ክምሩ ሁልጊዜ በ4 እና በትልቁ ዋይ ይጀምራል። ይህን ካየህ አማርኛ ሊሆን ይችላል በል።

የእኔ ኢሜይል በ«ሰላም» እንደሚጀምር ስለማውቅ በእጄ ሞከርኩት። የ«ሰ» ምልክቶች 4፣ ትልቁ ዋይ፣ ትንሹ አይ እና ትንሹ ደብልዩ ናቸው። በቤዝ64 ሠንጠረዥ ቁጥራቸው 56፣ 24፣ 34 እና 48 ነው። እያንዳንዱን በስድስት የ0 እና 1 አሃዝ ጽፈህ፣ ደርድረህ በስምንት በስምንት ስትቆርጣቸው 225፣ 136፣ 176 ይሰጡሃል። ይኸው «ሰ»። ሁሉንም በእጅ አትሥራ፤ አንዷን ፊደል ግን ሥራት፣ በኋላ ውጤትህን የምታመሳክርበት ይኖርሃል።

አሁን ፋይሉን ወደ ሜይንፍሬሙ በጽሑፍ መልክ ላከው። ሜይንፍሬም ፊደልን የሚቆጥረው ኤቢሲዲክ በሚባል የራሱ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። እኛ ጋ 65 የሆነው ትልቁ ኤ እዚያ 193 ነው። በጽሑፍ መልክ ስትልከው ይህን ራሱ ይቀይርልሃል። በባይነሪ (ባይቱ ሳይቀየር እንዳለ) ከላክኸው ክምሩ ራሱ ይበላሻል።

እኔ የተቃጠልኩት ኤዲተሩ (የሜይንፍሬሙ ጽሑፍ ማረሚያ) ላይ ነው። የተለመደው መስመር 80 ዓምድ ነው፤ የኢሜይል ቤዝ64 መስመር ደግሞ ቢበዛ 76 ምልክት ስለሆነ ይገባል። ነገር ግን ኤዲተሩ መስመር መቁጠር ከበራበት ከ73 እስከ 80 ባለው ዓምድ ላይ ቁጥር ይጽፋል። የእያንዳንዱ ሙሉ መስመር መጨረሻ አራት ምልክት ሄደ ማለት ነው። ሁሉን ወደ ትልቅ ፊደል የሚቀይረው ቅንብርም ጠንቅ ነው፤ ቤዝ64 ላይ ትንሹና ትልቁ ፊደል አንድ አይደሉም። ሁለቱንም ሳታጠፋ ፋይሉን አትንካ።

ከዚያ የኢሜይሉን አናት ቁረጥ። በሁለት ሰረዝ የሚጀምሩትን የመለያ መስመሮችም አውጣ። ብዙ ኢሜይል ተራ ጽሑፍና ኤችቲኤምኤል ሁለቱንም ይይዛል፤ ተራውን ብቻ አስቀር።

መፍታቱ ራሱ ቀላል ነው። ፋይሉን ወደ ዩኒክሱ በኩል (የሜይንፍሬሙ ሌላው ክፍል ነው) ቅዳና ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ክፈት። ቤዝ64 የሚባል ሞጁል አብሮት አለ። ክምሩን እንደ ጽሑፍ አንብብ፣ ኮድ ገጹ (የኤቢሲዲኩ ዓይነት መለያ ቁጥር) ብዙውን ጊዜ 1047 ነው። መስመሮቹን አጣብቅ፣ ክፍት ቦታውን አራግፍ፣ ፍታው። ውጤቱን በባይነሪ ጻፈው። ርዝመቱ ልክ አይደለም ብሎ ካማረረ መጨረሻ ላይ ያለው = ተቆርጦ ይሆናል፤ ብዛቱ ለአራት እስኪካፈል ድረስ = ጨምርለት፤ ግን ከሁለት በላይ ካስፈለገ ሌላም ምልክት ጠፍቶብሃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። የተፈታውን ፋይል በኤዲተሩ ስትከፍተው አማርኛ የለም። የማካፈል ምልክት፣ ትንሹ ኤች፣ አንድ እንግዳ ምልክት፤ እንደገና የማካፈል ምልክት፣ ኤች... አልተበላሸም። 225 በኤቢሲዲክ የማካፈል ምልክት ነው፣ 136 ደግሞ ትንሹ ኤች። የ«ሰላም» ሦስቱም ፊደላት በእነዚህ ሁለት ባይቶች ነው የሚጀምሩት።

መልእክቱ እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ «አይኮንቭ» በሚባለው ትእዛዝ ከዩቲኤፍ-8 ወደ 1047 ትቀይረውና እዚያው ታነበው ነበር። ለአማርኛ እንዲህ አታድርግ። 1047 ላይ የግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። ፋይሉን እንዳለ በባይነሪ ወደ ላፕቶፕህ መልሰው፣ ዩቲኤፍ-8 በሚያነብ ኤዲተር ክፈተው። በጽሑፍ መልክ ካወረድከው ሜይንፍሬሙ «ልርዳህ» ብሎ እያንዳንዱን ባይት ይተረጉምብሃል፤ እንደገና ትጀምራለህ።